የግንቡ ግራ ተረከዝ

በዚያ መንገድ ጫማ ያሠራ ሰው ሁሉ ስለ ጫማ ሰፊው ሁለት ነገር ያውቃል። የሰፋው ጫማ አይተረተርም። ግንቡ የሚባለው ቦክሰኛ ከተነሳ ደግሞ መዶሻውን አስቀምጦ ለጠብ ይዘጋጃል። ጫማ ሊያሠራ መጥቶ ክርክር ጠግቦ የተመለሰው ሰው ጥቂት አይደለም።

ግንቡ ከሠላሳ ዓመት በፊት የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው። ስሙን ያወጣለት ተመልካቹ ነው፤ የመታው ሁሉ የገዛ እጁን እያሻሸ ስለሚመለስ። ሻምፒዮን ከሆነበት ግጥሚያ አንስቶ በሦስት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ገጥሞ አሥራ አንዱንም አሸነፈ፤ ዘጠኙን በዝረራ። ከዚያ የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረና ማንም ሳያሸንፈው ጓንቱን ሰቅሎ ወደ ሌላ አገር ሄደ። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻ አንድ ቀን እንኳ ተሸንፎ ቢሄድ ኖሮ ወሬው ያኔውኑ ባለቀ ነበር። ሳይሸነፍ በመሄዱ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ሰው ያጨቃጭቃል።

የጫማ ሰፊው ሱቅ ጠባብ ናት። ከመስኮቱ ሥር የሥራ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ለደንበኛ የተቀመጠ አግዳሚ ወንበር አለ። አግዳሚውን የያዙት ግን ደንበኞች አይደሉም። አንዱ ጎረቤቱ ሬዲዮ ጠጋኙ ነው፤ ሰው ሬዲዮ ማስጠገን ከተወ ወዲህ ሥራው መቀመጥ ሆኗል። ሌላው ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ሾፌር ይለዋል። የሁለቱም ጫማ ደህና ነው።

«እኔ የምለው» ይላል ጋሽ ሾፌር፣ ነገር ሲያምረው። «በዚያን ጊዜ፣ በዚያ ጉልበቱ፣ ግንቡን የሚያሸንፍ ሰው በምድር ላይ ነበር?»

«ሞልቶ!» ይላል ጫማ ሰፊው፣ ቀና ሳይል።

«እስቲ ስም ጥራ።»

«ስም ምን ያደርግልሃል? አንተ ዕድሜህን ሙሉ መንገድ ነው ያየኸው፤ ቦክሰኛ የት አየህ?»

«እሺ ስሙን ተወው» ብሎ ሬዲዮ ጠጋኙ ጣልቃ ይገባል። «በምን ይሸነፍ ነበር? ቁመት አለው። እጁ ረጅም ነው። አገጩ ድንጋይ ነው።»

«በግራ እግሩ!» መዶሻው ጠረጴዛው ላይ ያርፋል። «ኃይሉ ሁሉ ከግራ እግሩ ጣት ነው የሚነሳው። ሁላችሁም እጁን እጁን ስታዩ እግሩን ማን አየለት? ያቺን ጣት ያስጣለው ሰው ቢኖር እንደ ጆንያ ዘጭ ይል ነበር።»

«ታዲያ አሥራ አንድ ሰው ሲገጥመው አንዱ እንኳ እንዴት አላስጣለውም?»

እዚህ ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ጫማ ሰፊው ከቆርቆሮው ጥቃቅን ምስማር ይዘግንና አፉ ውስጥ ይከታል። ሶል ሲመታ ምስማሩን በከንፈሩ ይዞ አንድ አንድ እያለ ነው የሚያወጣው፤ ምስማር የያዘ አፍ ደግሞ መናገር አይችልም። ሁለቱ ሰዎች ይህን ያውቁታል። ምስማሩ አፍ ከገባ ክርክሩ ለዚያ ቀን አበቃ ማለት ነው።

«ምቀኛ!» ይለዋል ጋሽ ሾፌር እየሳቀ። ለቀልድ ነው የሚለው። ምን ያህል ልክ እንደሆነ ቢያውቅ ኖሮ አፉን በእጁ ይይዝ ነበር።

አዎ፣ ይቀናል። ምን ያስደብቃል? ቅናቱ ግን በቡጢው አይደለም። የጫማ ሰፊው ሚስት በወጣትነቷ ከሱቁ ፊት ለፊት ባለው ክሊኒክ ድሬሰር ነበረች፤ ቁስል ታጥባለች፣ ታሽጋለች፣ መርፌ ትወጋለች። ግንቡ ቅንድቡ በተተረተረ ቁጥር የሚታከመው እሷ ዘንድ ነው። ቆየት ብሎ ቅንድቡ ሳይተረተርም መምጣት ጀመረ። ጫማ ሰፊው በመስኮቱ ያያል። ያ ግዙፍ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ በክሊኒኩ በር ይገባል፤ ግማሽ ሰዓት ይቆያል፤ ሲወጣ እሷ እስከ ደጅ ትሸኘዋለች፤ እየሳቀች። ያንን ሳቅ ለማግኘት ጫማ ሰፊው ስንት ቀልድ አዘጋጅቶ ነበር! ነጭ ጫማዋን ልታሳድስ ስትመጣ ግን ምላሱ ይተሳሰርና «ለነገ ይደርሳል» ብቻ ይላታል። እሷም አመስግና ትሄዳለች።

አንጀቱ አረረ። ለምሳ የያዘው ዳቦ ሳይነካ ይደርቃል። ግንቡ በዚያ በር ሲገባ ወስፌው ከቆዳው አልፎ ጣቱን የወጋበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ለቁስሉ ደግሞ ክሊኒክ መሄድ ያፍራል።

ለሻምፒዮናው ግጥሚያ አራት ቀን ሲቀር የክለቡ ሰው የግንቡን የቦክስ ጫማ ሶል ሊያስቀይር ይዞት መጣ። ጫማ ሰፊው ገልብጦ አየው። የግራው ሶል ከጣቱ በኩል ተበልቶ ወረቀት አክሏል፤ ተረከዙ ግን መሬት የነካ አይመስልም። የቀኙ እንደ ማንኛውም ሰው ጫማ እኩል አልቋል። ጫማ ሰፊው ሶል ማንበብ ያውቃል። ሰው እንዴት እንደሚራመድና የት እንደሚያመው ከሶሉ ይናገራል። ይህንን ግን ያነበበው በተቃጠለ አንጀት ነው፤ ሰውዬው የሚፈናጠረው ከግራ ጣቱ ነው፣ ያንን ያጣ ዕለት አበቃለት ብሎ ደመደመ።

የግራውን ጫማ የውስጥ ንጣፍ ገለጠ። የጣት ውፍረት ያህል ቆዳ በሁለት ድርብ ቆርጦ ተረከዙ ላይ በማስቲሽ ለጠፈና ንጣፉን መልሶ ሰፋበት። ለሚያየው ሰው ምንም የለም። ሲጫማው ግን ተረከዙ ከፍ ይላል፤ ጣቱ ቦታዋን ታጣለች፤ ሰውዬው በሕዝብ ፊት፣ በእሷም ፊት ይወላገዳል፤ ይወድቃል። በዕድሜው ከሰፋው ስፌት ሁሉ የሚያምረው ያ ነበር።

ሥራ ያስተማረው ሽማግሌ አንድ የማይጣስ ሥርዓት ነበረው። ተረከዝ ከመነካቱ በፊት ሰውዬው ባዶ እግሩን ወረቀት ላይ ይቆማል፤ ሁለቱም እግሮቹ ከወገቡ እስከ ወለል በክር ይለካሉ። ጫማ ሰፊው ይህን ለሕፃንም ለአሮጊትም ሲያደርግ ኖሯል። ለግንቡ ብቻ አላደረገም። እንዴት ያድርገው? የዚያን ሰው እግር ለመለካት እኮ ከእግሩ ሥር መንበርከክ ሊኖርበት ነው!

በግጥሚያው ቀን አዳራሹ ውስጥ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ድሬሰሯ ከፊት ናት። ጫማ ሰፊው ዓይኑን ከግንቡ ግራ እግር ላይ አልነቀለም። አንደኛው ዙር አለፈ። ሰውዬው ሊወላገድ ቀርቶ እንደዚያ ቀን ቀጥ ብሎ ቆሞ አያውቅም። በሁለተኛው ዙር እስከዚያ ቀን ማዕረጉን ይዞ የነበረውን ሻምፒዮን አንድ ጊዜ መታው፤ ሻምፒዮኑ ተዘረረ፤ ዳኛው አሥር ቆጠረ። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ድሬሰሯም ብድግ ብላ አጨበጨበች። ጫማ ሰፊው ብቻውን ተቀምጦ ቀረ።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨጓራውን የላጠው ይህ ነው። ግንቡ የማይሸነፍ መሆኑን ከማንም ይበልጥ የሚያውቀው እሱ ነው። ሌላው ያየው ግጥሚያውን ብቻ ነው፤ እሱ ግን ሰውዬው ጫማው ተበላሽቶበት እንኳ ማሸነፉን ያውቃል። ይህንን ደግሞ ለማን ይናገራል? ስለዚህ «ይሸነፍ ነበር!» እያለ ይጮሃል፤ መልስ ሲያጣም ምስማሩን አፉ ይከታል።

ከግጥሚያው ሳምንት ሳይሞላ ድሬሰሯ ነጭ ጫማዋን ይዛ መጣች። ጫማው ምንም አልሆነም።

«ምኑ ነው የሚሠራው?» አላት ገልብጦ እያየ።

«አንተ እስክታገኘው እጠብቃለሁ» አለችና አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች።

በዓመቱ ተጋቡ። ደስታውን የሚችለው አልነበረም። ሆኖም አንዲት ነገር ሆዱ ውስጥ ተቀረቀረች፤ በዚያው ሰሞን ግንቡ ወደ ክሊኒኩ መመላለሱን አቁሞ ነበር። እሱ ትቷት ነው ወይስ እሷ ትታው? ጫማ ሰፊው የተመረጠ ነው ወይስ የተረፈ? ሠላሳ ዓመት አንድ ትራስ ሲጋሩ አንድ ቀን አልጠየቃትም። መልሱን ፈራው።

ባይጠይቅም ቅናቱ አልተኛለትም። በስፖርት አዳራሹ በኩል ሲያልፉ እሷ ቀና ካለች ያያታል። የበኩር ልጃቸው አራት ኪሎ ተኩል ሆኖ ሲወለድ አዋላጇ «ይሄማ ቦክሰኛ ነው!» ብላ ብትስቅ፣ አባት ተብዬው ሳያመሰግናት ፊቱን አጥቁሮ ወጣ። አንድ ቀን ደግሞ ሬዲዮው ስለ ግንቡ ሲያወራ ሚስቱ «እሱን ማን ያሸንፈዋል!» ብላ ሾርባዋን መጠጣት ቀጠለች። ሦስት ቃል ናት። እሱ ግን ዓመት ሙሉ አመነዠካት። ከዚህች ሴት አፍ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ «ይሸነፍ ነበር» የሚል ቢሰማ ሌላ ነገር አያምረውም ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ሰዎች እዚያው ክርክራቸው ላይ እያሉ ሱቋ ጨለመች። በሩን የሞላ ሰው ቆሞ ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ትከሻው ትንሽ ጎብጧል፤ ቅንድቡ ላይ ያሉት ጠባሳዎች ግን እንደነበሩ ናቸው። ጫማ ሰፊው መዶሻውን አስቀመጠ።

«ቤቶች!» አለ ግንቡ፣ ጎንበስ ብሎ እየገባ። «ለዓይኔ ሕክምና ብዬ ነው የመጣሁት፤ ሱቁ አሁንም እዚሁ ነው ቢሉኝ አላመንኩም።»

ሁለቱ ሰዎች ተነስተው ቦታ ለቀቁለት። ግንቡ ሲቀመጥ አግዳሚው ጮኸ። የግራ ጫማውን አወለቀና ለጫማ ሰፊው ዘረጋለት። «ተረከዙ ወርዶብኛል። አንተ እንደምታውቀው አድርገህ ሥራልኝ» አለው።

«እኔ እንደማውቀው?» አለ ጫማ ሰፊው። ጫማውን ሲቀበል ጣቱ ወደ ውስጥ ገባ። ተረከዙ ላይ ድርብ ቆዳ አለ።

ሬዲዮ ጠጋኙ ከዚህ በላይ መቻል አልቻለም። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ስንት ዓመት ሙሉ የተጣላንበት ነገር አለ፤ ዛሬ እርስዎው ይፍረዱን። በዚያን ጊዜ እርስዎን የሚያሸንፍ ሰው ነበር?»

ግንቡ ሳቀ። «ነበር የሚለው የትኛችሁ ነው?»

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ ጫማ ሰፊው ጠቆሙ።

«እሱማ ያውቃል» አለ ግንቡ። «ከሻምፒዮናው በፊት እኮ ሁለት ጊዜ ተሸንፌያለሁ፤ ማንም አያስታውሰውም እንጂ። ግራ እግሬ ከቀኙ ያጥራል፤ ከተወለድኩ ጀምሮ ነው። በጣቴ እየቆምኩ ነበር የምገጥመው። አራተኛው ዙር ላይ ወገቤን ሰንጎ ይይዘኛል። ለአሠልጣኜም ተናግሬ አላውቅም፤ ጉድለቱን የሚያወራ ቦክሰኛ የለም። ይሄ ሰውዬ ግን ሶሌን አይቶ ብቻ አወቀብኝ። ማንም ሳይነግረው፣ እኔም ሳልጠይቀው፣ ከግራው ሥር ቆዳ አስገባልኝ። ያን ቀን በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለት እግሬ ቆምኩ። ጉድለቴ እንዳይታወቅ ብዬ መጥቼ እንኳ አላመሰገንኩትም። አሥራ አንዱንም ያሸነፍኩት በእሱ ተረከዝ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ በሄድኩበት ሁሉ ለየጫማ ሰፊው ‹ግራውን ከፍ አድርግልኝ› እላለሁ።»

«አንተ!» ጋሽ ሾፌር ጫማ ሰፊውን በክርኑ ጎሰመው። «ይህን የመሰለ ሥራ ሠርተህ ነው ዝም ያልከን?»

ያ የድሮው ሶል በጫማ ሰፊው ዓይን ላይ መጣበት። ሶሉ ሲነበብ ያን ያህል ግልጽ ነበር እኮ! ጣቱ የተበላ፣ ተረከዙ ያልነካ፤ የአጭር እግር ሶል ነው። ትናንት ሥራ የጀመረ ተማሪ ያውቀዋል። እሱ ግን ጥላቻው አሳወረውና የሰውዬውን ጉድለት ጉልበት ነው ብሎ አነበበ፤ ሊጥለው ብሎ ያስገባው ቆዳ አቆመው። ሲቀናበት የኖረውን ሻምፒዮን የሠራው ራሱ ነው።

ይህንን ገና ሳይውጠው ሚስቱ ገባች። ዛሬም እዚያው ክሊኒክ ትሠራለች፤ ከሥራ ስትወጣ ሁልጊዜ እሱን ይዛ ነው ወደ ቤት የምትሄደው። ግንቡን ስታይ ባለችበት ቆመች፤ ከዚያ ሳቀች። ያችው ሳቅ ናት፤ አላረጀችም። ተሳሳሙ። እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ቆዩ፤ ጫማ ሰፊው ሳያውቀው እንደ ቦክስ ዳኛ ይቆጥር ጀመር።

«ቅንድብህስ እንዴት ነው?» አለችው።

«የሚያሽግልኝ አጥቶ ቀረ!» አለ ግንቡ፤ ሁለቱም እንደገና ሳቁ።

ጋሽ ሾፌር ነገር ሳያቀጣጥል አይውልም። «እትዬ፣ እንኳን መጣሽ። ክርክሩ ዛሬ ለየለት። ግንቡ ራሱ ይሸነፍ ነበር አለ።»

«ታዲያ ተሸንፏል እኮ» አለች እሷ።

«ማን አሸነፈው?»

እጇን በባሏ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች። «ይሄ ነዋ!»

«በዝረራ!» አለ ግንቡ ጭኑን በጥፊ እየመታ። «ከግጥሚያው በማግስቱ አግቢኝ አልኳት። ደስታው አስክሮኝ ስለ ተረከዙም ነገርኳት። እሷ ሰማችኝና ‹ያ ሰውዬ አንተ ወደዚህ በመጣህ ቁጥር በመስኮቱ እያየ ፊቱ ይጠቁራል፤ እንደሚጠላህ እኔ አውቃለሁ። እየጠላህ ነው እንዲህ ያደረገልህ?› አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እኔን የት አየችኝ!»

«እንዴት ልይህ?» አለች። ቀልዱ ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። «አንተን የሚወድህማ ከተማው ሙሉ ነበር። የሚጠላውን ሰው እግር የሚያቃና ሰው ግን አይቼ አላውቅም። እንዲህ ያለ ልብ ካመለጠኝ ሁለተኛ አላገኝም ብዬ ደህናውን ጫማዬን አሠራለሁ ብዬ መጣሁ።»

ሬዲዮ ጠጋኙ አጨበጨበ። ሠላሳ ዓመት የፈራው መልስ ይኸው መጣ፤ በምስክር ፊት፣ በግንቡ ፊት። አልተረፈም፤ ተመርጧል። ጫማ ሰፊው ሊደሰት ሞከረ። ደስታው ግን ወደ እሱ አልመጣም፤ ወደ ሌላ ሰው ሄደ፤ ያን ሶል አይቶ ወደራራው፣ ቂሙን ውጦ ቆዳ ወደቆረጠው ሰውዬ። እንዲህ ያለ ሰው በዚህች ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም። እጁ ወደ ቆርቆሮው ሄደና አንድ እፍኝ ምስማር አፉ ውስጥ ከተተ፤ የሚመታ ሶል ግን ፊቱ አልነበረም።

«አያችሁት?» አለች ሚስቱ። «ሲመሰገን እንዲህ ነው፤ አፉን ይዘጋል።»

ተነሳ። ወለሉ ላይ ወረቀት ዘረጋ። ግንቡ ሁለቱንም ጫማ አውልቆ እንዲቆምበት በእጁ አመለከተውና ክሩን ይዞ ከእግሩ ሥር ተንበረከከ። መጀመሪያ ቀኙን ለካ፤ ከዚያ ግራውን። ልዩነቱ የጣት ውፍረት ነው። ያኔ በክፋት ከገመተው ትንሽ እንኳ አልተዛነፈም። ጎንበስ እንዳለ ትንሽ ቆየ፤ ሁሉም ልኬቱን የሚደግም መሰላቸው።

አመሻሽ ላይ ባልና ሚስቱ ወደ ቤት ሄዱ። ክንዱን ይዛዋለች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

«ግን ለምን አልነገርከኝም?» አለችው። «ይህን ሁሉ ዓመት! እኔ እኮ አንተ እስክታነሳው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

እውነቱን ሊነግራት ከጀለ። ልጥለው ነበር ማለት ብቻ ነው፤ ሁለት ቃል ነው። ፊቷን አየው። ሳቋ ገና አልለቀቃትም።

«ሌላ ወንድ ቢሆን» አለች ወደ እሱ ጠጋ ብላ፣ «ጫማውን ያበላሽበት ነበር።»

«አዎ» አለ ጫማ ሰፊው። «ሌላ ወንድ ቢሆን።»

ክንዱን ጠበቅ አደረገችው። ያኔ በመስኮቱ ሲያይ ያርር የነበረው አንጀቱ እንደገና አረረ። በዚህች ሴት ልብ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የኖረው ግንቡ አይደለም፤ እሱም አይደለም። ግንቡንስ ይሸነፍ ነበር ብሎ ስንት ዓመት ተከራክሮበታል። ይህን ደጉን ጫማ ሰፊ ግን በምን ያሸንፈዋል? እሷ ስለዚያ ደግ ሰው እያወራች፣ እሱ እየሰማ፣ ቤታቸው ደረሱ።